ድምፅን ያጎላው ልጅ
የኤድዊን አርምስትሮንግ የሕይወት ታሪክ

የታዋቂ ሰዎች አምዳችን ዛሬም በአዲስ ታሪክ ተመልሷል። የዛሬውን ሰው ስም ብዙዎቻችሁ ላትሰሙት ትችላላችሁ። ሥራውን ግን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ወይም ታክሲ ውስጥ ኤፍ ኤም ሲለቀቅ የሱ እጅ አለበት። አርምስትሮንግ ስንል ጨረቃ ላይ የወጣው እንዳይመስላችሁ። እሱ ኒል አርምስትሮንግ ነው። የኛው ኤድዊን ይባላል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን የክለባችንን ጉድ እንንገራችሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የምናነብበትን አምፕሊፋየር ታውቁታላችሁ። ከተበላሹ ሬዲዮና ቴፖች በተነቀሉ ዕቃዎች እዚሁ የተሠራ ነው፤ ሰውነቱም የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ችግሩ ድምፁ ከኋላ ለሚሰለፉት አይደርስም። ባለፈው ወር አይሰማም አይሰማም የሚለው ጩኸት ሲበዛብን አንዳችን ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው አዞረው። እናላችሁ ሞንታርቦው ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ! ሁሉም ጆሮውን ያዘ፤ ዜናውም በሳቅ ቀረ። እኛም በቃ ተቃጠለ ብለን ክው አልን።

የሳይንስ መምህራችን ግን ምንም እንዳልተቃጠለ ነገሩን። ያ ፉጨት ከመቶ ዓመት በፊት የአንድ ተማሪን ሕይወት የቀየረ ነገር መሆኑንም ገለጹልን። ታሪኩን ለእናንተ እንድናቀርብ የጠየቁንም እሳቸው ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱ

ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመጻሕፍት ማተሚያ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። እናቱ ደግሞ መምህርት ነበሩ። ኤድዊን ልጅ ሳለ ሰውነትን ያለ ፈቃድ በሚያንቀጠቅጥ በሽታ ታመመ። በዚህ የተነሳ ለሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ቀርቶ ቤት ውስጥ ተማረ። ከበሽታው ቢድንም አንገቱንና ትከሻውን የማንቀጥቀጥ ልማድ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ሲደሰት ወይም ሲጨነቅ ይብስበት ነበር።

በኋላ ቤተሰቡ ዮንከርስ ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። ቤታቸው ከሃድሰን ወንዝ በላይ ያለ ትልቅ ቤት ነበር። የኤድዊን ክፍል ከላይ ከጣሪያው ሥር ነበረች። አባቱ ስለ ፈጠራ ሰዎች የሚተርክ መጽሐፍ ሰጡት። እሱም ስለ ማርኮኒና ሽቦ ስለሌለው ቴሌግራፍ አነበበ። ገና በ14 ዓመቱ ፈጣሪ ለመሆን ወሰነ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሽቦና በጥቅል መዳብ ተሞላ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ይወድ ነበር፤ ከፍታ። ግቢያቸው ውስጥ 38 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የአንቴና ምሰሶ በገዛ እጁ አቆመ። ይህ ከአሥር ፎቅ ሕንፃ ይበልጣል ማለት ነው! በገመድ በተንጠለጠለች መቀመጫ ራሱን እየሳበ ጫፍ ድረስ ይወጣ ነበር። (እናንተ እንዳትሞክሩት!)

በዚያ ዘመን ሬዲዮ እንደ ዛሬው ወሬና ሙዚቃ የሚሰማበት አልነበረም። በአብዛኛው በሞርስ ምልክት የሚላክ ቲት ታት ብቻ ነው የሚሰማው። እሱም ቢሆን በጣም ደካማ ነው። ማዳመጫውን ጆሮ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሽን ውጦ ነው የሚሰማ። ኤድዊንን የከነከነው ይህ ነበር። ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ እንዴት ማጉላት ይቻላል?

ማንም በደንብ ያልተረዳው አምፖል

በ1909 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመረ። ከዮንከርስ እስከ ዩኒቨርሲቲው በሞተር ሳይክል ይመላለስ ነበር።

በ1906 ሊ ዲ ፎረስት የሚባሉ አሜሪካዊ ኦዲዮን የተሰኘ የመስታወት አምፖል ሠርተው ነበር። ውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሚግል ክር ነው። ሁለተኛው ወንፊት የመሰለ ሽቦ ነው። ሦስተኛው የብረት ሳህን ነው። ክሩ ሲግል ኤሌክትሮኖች ይወጡና በወንፊቱ አልፈው ወደ ሳህኑ ይሄዳሉ። ወንፊቱ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ሲደረግ ብዙ ኤሌክትሮን ያልፋል ወይም ይታገዳል። የመስኖ ውኃን አስቡት። በአንድ እጅ የምትነሳ ትንሽ መዝጊያ ትልቁን ውኃ ታዛለች። ኦዲዮንም እንደዚያ ነው፤ ትንሹ ኃይል ትልቁን ያዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መዝጊያዋ ውኃ አትፈጥርም፤ ውኃው የሚመጣው ከወንዙ ነው። አምፕሊፋየርም ኃይል አይፈጥርም። ከባትሪው ወይም ከመብራቱ የሚመጣውን ኃይል በድምፁ ልክ ይለቃል እንጂ።

ታዲያ የሚገርመው ምን መሰላችሁ? የፈጠሩት ሰው ራሳቸው አምፖሉ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል አልተረዱትም ነበር። አምፖሉ ውስጥ የቀረው ጥቂት ጋዝ ነው የሚሠራው ብለው ያስቡ ነበር። አርምስትሮንግ ግን ግምት አልበቃውም። አምፖሉን ይዞ መለካት ጀመረ። የሚገባውንም የሚወጣውንም እየለካ፣ እየጻፈ፣ እንደገና እየለካ ብዙ ጊዜ ቆየ።

የዚያች ሌሊት ደስታ

ሲለካ ከሳህኑ በሚወጣው ኤሌክትሪክ ውስጥ የገባው የሬዲዮ ሞገድ ጎልቶ መኖሩን አየ። ይሄኔ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከወጣው ትንሽ ቀንሼ ወደ መግቢያው ብመልሰውስ? እንደገና ይጎላል። እንደገና ቢመለስ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል።

ዥዋዥዌ የተጫወተ ሰው ይህ ይገባዋል። ዥዋዥዌው ተመልሶ ሲመጣ ልክ በሰዓቱ ትንሽ ገፋ ካደረጋችሁት ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። በአንድ ግፊት ሳይሆን በተደጋጋሚ ትንሽ ግፊት ሰማይ ይደርሳል። ያለ ሰዓቱ ብትገፉት ግን ይቆማል።

በ1912 አርምስትሮንግ ይህን ጣሪያ ሥር ባለችው ክፍሉ ውስጥ ሞከረው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ተለጥፎ በጭንቅ ይሰማ የነበረው ምልክት ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ክፍሉን ሞላው! ያው አንድ አምፖል፣ ያው ባትሪ ነው። ድምፁ ግን በመቶዎች እጥፍ ጨመረ። ሌሊት ስለነበር ቤተሰቡ ተኝቷል። እሱ ግን ደስታው አላስችል ብሎት ታናሽ እህቱ ክፍል ገብቶ እየዘለለ ቀሰቀሳት።

ሌላም ነገር አገኘ። የሚመለሰውን ኃይል ከልክ በላይ ሲጨምረው አምፖሉ የሚመጣውን ድምፅ ማጉላቱን ትቶ በራሱ ያፏጭ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ያጠፋው ነበር። እሱ ግን ፉጨቱ ራሱ ሞገድ መሆኑን ተረዳ። አምፖሉ ከመቀበያነት ወደ ማስተላለፊያነት ተቀይሯል ማለት ነው። አንዱ ዕቃ መስማትም መናገርም ቻለ። ከዚያ በኋላ የመጡ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሞገዳቸውን በዚህ መንገድ ማመንጨት ጀመሩ።

ሰልፍ ላይ ያስደነገጠን ፉጨት የዚሁ ወንድም ነው። ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ይጎላል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ልኩን ሲያልፍ ይጮኻል።

25 ሳንቲም

ፈጠራው የሱ መሆኑን ለማስመዝገብ ገንዘብ አስፈለገው። አባቱ ግን መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ ብለው እምቢ አሉ። ሞተር ሳይክሉን ሸጠ፤ አልበቃም። በመጨረሻ አጎቱ አንድ ብልሃት መከሩት። የሥራውን ንድፍ ሥሎ በሕጋዊ ሰው ፊት እንዲያስፈርምበት ነገሩት። ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 በ25 ሳንቲም አስፈረመ። ዋናውን ማመልከቻ ያስገባው ግን ከተመረቀ በኋላ በኦክቶበር ወር ነው። ይህ የወራት መዘግየት በኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

በ1914 ጃንዋሪ ላይ ዴቪድ ሳርኖፍ ለሚባል የሬዲዮ ድርጅት ሠራተኛ መሣሪያውን አሳየው። በኒው ጀርሲ ባሕር ዳር በብርድ ጎጆ ውስጥ ሌሊቱን ተቀምጠው ከአየርላንድና ከሃዋይ የሚመጡ ምልክቶችን ሰሙ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ። ሳርኖፍ በኋላ አር ሲ ኤ የተባለው ትልቅ የሬዲዮ ኩባንያ አለቃ ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አርምስትሮንግ የአሜሪካ ጦር የመገናኛ መኮንን ሆኖ ፓሪስ ሄደ። እዚያም በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የሚባል አዲስ የመቀበያ ዘዴ ፈጠረ። በጣም ፈጣን የሆነውን ሞገድ መጀመሪያ ዝግ ወዳለ ሞገድ ቀይሮ ከዚያ የሚያጎላ ነው። በየቤታችን ያሉት ሬዲዮኖች አብዛኞቹ በዚህ ዘዴ ነው ሲሠሩ የኖሩት።

ፈጠራዎቹን ለኩባንያዎች ሸጦ ሀብታም ሆነ። ከግለሰቦች መካከል የአር ሲ ኤ ትልቁ ባለ አክሲዮንም እሱ ነበር። በ1923 የሳርኖፍ ጸሐፊ የነበረችውን ማሪዮን ማኪኒስን አገባ። ለሠርጓ የሰጣት ስጦታ ምን ይመስላችኋል? ራሱ የሠራው በእጅ የሚንጠለጠል ሬዲዮ ነው! በዚያው ዓመት የአር ሲ ኤን አንቴና ጫፍ ላይ ወጥቶ ፎቶ ተነሣ። ሳርኖፍ ተቆጣ። ሰውየው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከፍታ ይወዳል።

የፉጨቱ ክርክር

ዲ ፎረስት ግን ያ ድምፅን መልሶ የማጉላት ሐሳብ የኔ ነው ብለው ከሰሱ። ማስረጃቸው የ1912 የሥራ ማስታወሻ ደብተር ነበር። ከረዳታቸው ጋር የስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሞክሩ ፉጨት እንደሰሙ ተጽፎበታል። ይኸው ነው፤ እኛ ሰልፍ ላይ የሰማነው ዓይነት ፉጨት! ዲ ፎረስት ፉጨቱን ሰምተዋል። አርምስትሮንግ ግን ለምን እንደሚያፏጭ ተረድቶ ጥቅም ላይ አውሎታል። ታዲያ ፈጣሪው ማነው? የሰማው ወይስ የተረዳው?

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው እየረታ ቆይቶ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ ፎረስት ፈረደ። ብዙ የሬዲዮ መሐንዲሶች ዳኞቹ ነገሩን በትክክል አልተረዱትም ብለው አዘኑ።

የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ቀደም ሲል ለዚሁ ሥራው የክብር ሜዳሊያ ሰጥቶት ነበር። አርምስትሮንግ ከፍርዱ በኋላ ሜዳሊያውን ሊመልስ ወደ ማኅበሩ ጉባኤ ሄደ። ማኅበሩ ግን አንቀበልም፤ ሜዳሊያው ያንተ ነው አለው። አዳራሽ ያሉት መሐንዲሶችም ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡለት። ሕጉ ባይፈርድለትም ሥራውን የሚያውቁት ፈረዱለት።

ኃይል ብቻ አይበቃም

በነዚያ ዓመታት አርምስትሮንግ ሌላ ችግር ይዞ ነበር። መብረቅ ሲያበራ፣ ሞተር ሲነሣ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል። ብዙዎች መፍትሔው የጣቢያውን ኃይል መጨመር ነው ይሉ ነበር። ሬዲዮውን ማስጮኽ ደግሞ አይረዳም። ድምፁን ስታጎሉት ኮሽታውም አብሮ ይጎላል።

በዚያን ጊዜ ድምፅ የሚላከው የሞገዱን ቁመት ከፍ ዝቅ በማድረግ ነበር። መብረቅም የሚነካው ይህንኑ ቁመት ነው። ስለዚህ አርምስትሮንግ ቁመቱን ትቶ የሞገዱን የድግግሞሽ ፍጥነት በድምፁ ልክ ለመለዋወጥ ወሰነ። ኤፍ ኤም የተባለው ይህ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ይህ ዘዴ አይጠቅምም ብለው ጥለውት ነበር። እሱ ግን ለዓመታት ሞክሮ በዲሴምበር 1933 የባለቤትነት መብቱን አገኘ።

በኖቬምበር 1935 ኒው ዮርክ ውስጥ በመሐንዲሶች ፊት አሳየው። ከዮንከርስ ከአንድ ጓደኛው ቤት ነው የሚተላለፈው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ተሰማ። ወረቀት ሲጨመደድ ተሰማ። ኮሽታ የለም! እንዲህ የጠራ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ተገረሙ።

ጓደኛው ሳርኖፍ ግን ኩባንያው ገንዘቡን ወደ ቴሌቪዥን ማዞር ፈለገና ኤፍ ኤምን አልደገፈም። አርምስትሮንግ በራሱ ገንዘብ አልፓይን በምትባል ቦታ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ ከ120 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ አሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ፈጠራዎቹን ያለ ክፍያ እንዲጠቀም ፈቀደ። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1945 መንግሥት የኤፍ ኤምን ቦታ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ወዳለው አዛወረው። በዚህም ቀድሞ የተሸጡት የኤፍ ኤም ሬዲዮኖች ከንቱ ሆኑ። አር ሲ ኤም ኤፍ ኤምን እየተጠቀመ አልከፍልም አለ። በ1948 አርምስትሮንግ የድሮ ጓደኛውን ኩባንያ ከሰሰ።

ክሱ ዓመታት ወሰደ። ገንዘቡ በጠበቆች አለቀ፤ ጤናው ታወከ፤ ከሚወዳት ሚስቱም ጋር ተጣላ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት ጭንቀቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖ በ63 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። ልብ በሉ፣ በ25 ሳንቲም ካስፈረመበት ቀን ልክ 41 ዓመቱ ነው። የሰው ድምፅ ከሩቅ እንዲሰማ ያደረገ ሰው የራሱን ጭንቀት የሚያካፍለው ሰው አጥቶ ብቻውን ሆነ። ይህን ስንጽፍ ሁላችንም አዘንን። የከበደው ነገር ያለበት ልጅ ካለ ለቤተሰቡ ወይም ለመምህሩ ቢናገር መልካም ነው።

ማሪዮን ግን ክሱን አልተወችም። አር ሲ ኤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ታረቀ። ሌሎቹንም ኩባንያዎች አንድ በአንድ ረታች። የመጨረሻውን በ1967 አሸነፈች፤ እሱ ካረፈ ከ13 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የአልፓይኑ ማማ ዛሬም እንደቆመ ነው።

እና እኛ ምን ተማርን?

አሁን ሬዲዮናችሁን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ኤፍ ኤም 97.1 ነው፤ ሸገር 102.1 ነው። ሁሉም ከ88 እስከ 108 መካከል ናቸው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አሁን አወቃችሁ።

የኛም አምፕሊፋየር ታሪክ አለው። ከመምህራችን ጋር እንደ አርምስትሮንግ መለካት ጀመርን። መጀመሪያ ቦታውን ቀየርን። ድሮ ሞንታርቦው ከአንባቢው ኋላ ነበር፤ ወደ ማይኩም ይጮኻል። አሁን ከፊት አድርገን ወደ ተማሪው አዞርነው። አንባቢውም ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ፉጨቱ ጠፋ! ቮልዩሙንም ከበፊቱ ከፍ ማድረግ ቻልን።

ቀጥሎ ወደ ኃይሉ ሄድን። ስፒከሩ ሳይቀየር ቮልቱ በ2 ቢባዛ የሚወጣው ኃይል እስከ በ4 ሊባዛ እንደሚችል መምህራችን አሰሉልን። አምፕሊፋየራችን በ9 ቮልት ነበር የሚሠራው። ዕቃዎቹ 12 ቮልት እንደሚችሉ ካረጋገጡ በኋላ በ12 ቮልት ባትሪ ተካነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ኃይሉ ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዕቃው ካልቻለ ግን ይቃጠላልና ሳትጠይቁ አትሞክሩ። የግድግዳ መብራት ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ ኃይል ብቻ ስንጨምር ብንውል ሩቅ አንደርስም ነበር። ብዙውን የሠራልን የቦታው መቀየር ነው።

ሰኞ ጠዋት ዜና ስናነብ ከመጨረሻው መስመር የነበሩት 8ኛ ክፍሎች እጃቸውን አውጥተው መስማታቸውን አሳዩን። እኛም ፉጨቱን ሰምተን ከመሳቅ ለምን እንደሚያፏጭ ወደማወቅ አንድ እርምጃ ሄድን። አርምስትሮንግም የጀመረው ከዚህ ነው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታዋቂ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንላችሁ!

ከሚኒ ሚዲያ ክለብ፣ የታዋቂ ሰዎች አምድ አዘጋጆች